ቶራዶራ፦ ሪዩጂና ታይጋ እውነት ተቃራኒ ናቸው?

ሻይ በሎሚ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን ቶራዶራን ጨረስኩ። አውቃለሁ፣ በፈረንጆቹ 2008 የጀመረ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ረስታችሁታል። እኔ ግን ገና ትኩስ ስለሆንኩ ታገሱኝ።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ታካሱ ሪዩጂ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ዓይኑ የአባቱ ነው፤ አባትየው ደግሞ የያኩዛ (የጃፓን ወሮበላ ቡድን) ሰው ነበር። ስለዚህ ሪዩጂን ያየ ሁሉ ዱርዬ ነው ብሎ መንገድ ይለቅለታል። ልጁ ግን ቤት ሲገባ ሽርጥ አስሮ ወጥ ቤት የሚገባ፣ አቧራ ካየ እንቅልፍ የማይወስደው የዋህ ነው። አይሳካ ታይጋ በቁመት ከደረቱ የማትደርስ፣ አሻንጉሊት የመሰለች ልጅ ናት። ቁመቷን አይቶ የናቃት ግን ጉድ ይፈላበታል። ትማታለች፣ ትሳደባለች፣ የእንጨት ሰይፍ አላት። ትምህርት ቤቱ ያወጣላት ስም "የመዳፍ ነብር" ነው።

እሱ የእሷን የልብ ጓደኛ ሚኖሪን ይወዳል። እሷ የእሱን የልብ ጓደኛ ኪታሙራን ትወዳለች። "አንተ ለኔ አመቻችልኝ፣ እኔም ላንተ" ተባብለው ይዋዋላሉ። የቀረውን ጠንቋይ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ይህ አኒሜ በተነሳ ቁጥር "ተቃራኒ ባህርይ ያላቸው ሲዋደዱ" ይባላል። 25ቱን ክፍል ካየሁ በኋላ ግን እኔ የታየኝ ሌላ ነው። ሁለቱም ሰው የሚሸሻቸው ልጆች ናቸው። ሁለቱም አባት አላቸው ማለት አይቻልም። ሁለቱም የሚወዱት ሰው ፊት ሲቆሙ ምላሳቸው ይተሳሰራል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባል የለ? ተቃራኒነቱ ለማሳቂያ የተደረገ ሽፋን ነው ባይ ነኝ። እስቲ ተከራከሩኝ።

አንድ ደንብ ብቻ። ከክፍል 16 ወዲያ ያለውን የምታወሩ፣ መጀመሪያ "ስፖይለር" በሉ፤ ታሪኩን ላላየ ሰው እንዳይበላሽበት።

ዘጠነኛ ሲ፦

ኧረ ባክህ! ክፍል 1ን ደግመህ እየው።

ታይጋ ለኪታሙራ የጻፈችውን የፍቅር ደብዳቤ ተሳስታ ሪዩጂ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። ሌሊት ሰይፏን ይዛ ቤቱ ሰብራ ትገባለች። ደብዳቤውን ከነትዝታው ልታጠፋው ነው፤ ጭንቅላቱን ብላ። ስታሳድደው ቆይታ ምን ትሆናለች? በረሃብ ዘፍ ትላለች። ፖስታው ሲከፈት ደግሞ ባዶ ነው፤ ደብዳቤውን ማስገባት ረስታለች! እሱስ ምን ያደርጋል? ፖሊስ ይጠራል? አይ፤ ሩዝ ይጠብስላታል። ሌሊት፣ ልትገድለው ለመጣች ልጅ።

ከዚያ ደግሞ የእሷን ቤት ያያል። ከእሱ ቤት አጠገብ የበቀለ ቅንጡ አፓርታማ ነው። የነሪዩጂን ቤት ፀሐይ የከለከለው ራሱ ያ ሕንፃ ነው። ውስጡ ሲገባ ግን ሳህኑ ተቆልሎ፣ ማጠቢያው ሸቶ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። ይሄ ልጅ ግን እጅጌውን ይሰበስባል፤ ሰርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። ለጽዳት የፈጠረው የራሱ መሣሪያ እንኳ አለው። የምግብ እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ በላስቲክ ያስርና ጣት የማይገባበት ጥግ ያስገባዋል። እኔ በዚህ ዘዴ የምድጃችንን ቁልፎች ዙሪያ አጽድቻለሁ። ይሠራል፣ ሞክሩት።

እና አንዱ እንዲህ፣ አንዷ እንዲያ ሆነው "ተቃራኒ አይደሉም" ትለኛለህ?

ሻይ በሎሚ፦

ዘጠነኛ ሲ፣ እሱ የሙያ ልዩነት ነው እንጂ የባህርይ አይደለም። እሷ ቤቷን ያላጸዳችው ቆሻሻ ስለምትወድ አይደለም። ብቻዋን የምትኖር ልጅ ናት፤ ማንም አላስተማራትም። እሱ ደግሞ የሚያበስለው እናቱ ማታ ማታ ስለምትሠራ ነው። ሁለቱም አዋቂ በሌለበት ቤት ያደጉ ናቸው። አንዱ ሁሉን መሥራት ለመደ፣ አንዷ ሁሉን መተው ለመደች። ምክንያቱ አንድ ነው።

ፎንቃ ጠላሁ፦

ጉድ እኮ ነው። ይህን ሁሉ ፍልስፍና ለአንዲት ተማቺ ልጅ?

እኔ ክፍል 3 ላይ ነው የተውኩት። ጓደኛዬ ፍላሽ ሞልቶ "ትስቃለህ" ብሎ ሰጠኝ። አልሳቅኩም። ልጅቷ ትጠልዘዋለች፣ ትቦጭቀዋለች፣ "ውሻዬ ነህ" ትለዋለች። እሱ ምሳ ቋጥሮላት ይሄዳል። ተገልብጦ ወንዱ ቢሆን የሚማታው፣ ማን ይስቅ ነበር? እንደዚህ ዓይነት ሴት ባህርይ በዚያ ዘመን አኒሜ ሁሉ ውስጥ ነበረች። ውጪዋ እሾህ፣ ውስጧ ማር። ሰለቸን።

ማታ ማታ፦

"ሰለቸን" ስትል ግን አንድ ነገር አስታወስከኝ። የታይጋ ድምፅ ኩጊሚያ ሪኤ ናት። ሴትየዋ በዚያን ጊዜ የዚህ ዓይነት ልጆች ንግሥት ነበረች። በሌሎች አኒሜዎች ያሉትን ሻናንም ሉዊዝንም የተጫወተችው እሷ ናት። ቆይ ግን፣ ፉልሜታል አልኬሚስት የሚባለውን አኒሜ ያየ ሰው አለ? ያ በብረት ልብስ ውስጥ ያለው ጨዋ ልጅ፣ አልፎንስ፣ እሱም እሷ ናት። አንድ ጉሮሮ!

ዘጠነኛ ሲ፦

አልፎንስ??? በሉ ዛሬ አልተኛም።

ሻይ በሎሚ፦

ፎንቃ ጠላሁ፣ የመታችውን ሁሉ ልከላከልልህ አልችልም። መጀመሪያ ላይ በዝቷል፣ አንዳንዱም አያስቅም። ግን ክፍል 3 ላይ ካቆምክ ክፍል 2ን አይተሃል ማለት ነው። የመብራት ምሰሶውን ነገር እንዴት ዘለልከው?

ሌሊት ነው። ሁለቱ ወደ ቤት እየሄዱ ነው። ታይጋ ድንገት "ማንም አይረዳኝም፣ ሁሉም ያናድደኛል" ብላ ምሰሶውን መራገጥ ትጀምራለች። ሪዩጂ መጀመሪያ ቆሞ ያያታል። "ተይ፣ ነውር ነው" አይላትም። ቀጥሎ እሱም ይጀምራል። ስለ ዓይኑ፣ ስላልሠራው ጥፋት ስለሚታማው ነገር ሁሉ እየጮኸ ይራገጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ምሰሶ ሲደበድቡ ማየት በጣም ያስቃል። ግን የተዋደዱት እዚያ ጋ ነው ብዬ እምልልሃለሁ፤ የቀረው 23 ክፍል እነሱ እስኪያውቁት መጠበቅ ነው።

የአሚ ጠበቃ፦

ይቅርታ፣ የዚህ ክር ሰው ሁሉ ነብሯ ላይ ብቻ ለምን ተጣበቀ? ካዋሺማ አሚን ማንም አላነሳም!

አሚ ሞዴል ናት፣ የኪታሙራ የልጅነት ጓደኛ። ሰው ፊት ስትሆን ድምጿ ማር ነው፤ "እኔ እኮ ምንም አላውቅም" ዓይነት። ሰው ዞር ሲል ደግሞ ምላሷ ምላጭ ነው። ታይጋ በአንድ ጊዜ ነው የነቃችባት። የሰው ድምፅና እንቅስቃሴ እያስመሰለች እንድታሳያት አስገድዳ በቪዲዮ የቀረጸቻትን አስታውሱ፤ በዚያ ቪዲዮ ስንት ጊዜ አስፈራራቻት! የባህርይ ግጭት ከተባለ የነዚህ የሁለቱ ነው። አንዷ ውስጧን መደበቅ አትችልም፣ አንዷ ደግሞ ውስጧን ማሳየት አትችልም።

ይበልጥ የምወዳት ግን በሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የመጠጥ መሸጫ ማሽኖች አሉ አይደል? አሚ ሲደክማት በሁለቱ ማሽኖች መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ገብታ ጉልበቷን አቅፋ ትቀመጣለች። መጽሔት ላይ የምትወጣ ቆንጆ፣ ማሽን ለማሽን ተወሽቃ። እዚያ ሆና ነው ሁሉን የምታየው። ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን እየዋሸ እንደሆነ ከሁሉም ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። ነገረቻቸው፤ አልሰሟትም።

የሁለት ልጆች እናት፦

እናንተ ልጆች፣ ዕድሜዬን አይታችሁ አትሳቁብኝ። ልጄ ሳሎን ቁጭ ብላ ስታይ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ "ይሄ የልጆች ካርቱን ምኑ ይታያል" ብዬ ነበር። በኋላ ግን ልጄ ተኝታ እኔ ቀጣዩን ክፍል እፈልግ ጀመር።

እናንተ ስለ ፎንቃ ታወራላችሁ፤ እኔ ዓይኔ የወደቀው ያሱኮ ላይ ነው፣ የሪዩጂ እናት። ሌሊት መጠጥ ቤት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። በልጅነቷ ወልዳው ከወላጆቿ ቤት ወጥታ ብቻዋን ያሳደገች ናት። ከልጇ ይልቅ እሷ ትንሽ ትመስላለች፤ ትቅለሰለሳለች፣ ቁርስ ሠርቶ ይቀሰቅሳታል። ታይጋ መጥታ ማዕድ ላይ ስትቀመጥ "ይቺ ደግሞ ማን ናት" አላለችም። አንድ ሳህን ተጨመረ፣ አለቀ። እኔ ይሄን አይቼ ነው ልቤ የተነካው።

አሁን የምለው ስፖይለር ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ከ16 በፊት ነው። የትምህርት ቤቱ በዓል ጊዜ የታይጋ አባት እመጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል። እሷ መጀመሪያ አላመነችውም ነበር። ታረቂው፣ እድል ስጪው ብሎ የለመናት ሪዩጂ ነው። ለምን? እሱ አባት ስለሌለው! የራሱን ጉጉት በእሷ አየው። ሚኖሪ ሰውየውን ከዚህ በፊት ስለምታውቀው ተው ብትለው ተቆጣት። በመጨረሻ አባትየው ቀረ። ልጅቷ አምራ፣ የመልአክ ክንፍ አጥልቃ መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ ስትጠብቅ... እኔ ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

ስለዚህ ጠያቂው ልጅ ያልከው ትክክል ይመስለኛል። ቁስላቸው አንድ ነው።

ሻይ በሎሚ፦

እናታችን፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎ እንዳሉት ነው። እኔ ያንን ክፍል ሳይ ሪዩጂ ላይ ተናድጄ ነበር፤ ለምን እንደገፋፋት በእርስዎ አነጋገር ነው የገባኝ። ልጅዎ ዕድለኛ ናት፤ የኔ እናት አኒሜ ስትሰማ "አጥፋውና ውጪ ወጥተህ አየር ውሰድ" ነው የምትለው።

ዘጠነኛ ሲ፦

በዚያ በዓል ላይ ግን ሩጫው አይረሳም። የቁንጅና ውድድሩን ያሸነፈችው ታይጋ ናት፤ ወደ እሷ ቀድሞ የሚደርስ ወንድ ለማግኘት የሩጫ ውድድር ይደረጋል። ሪዩጂ ይሮጣል። ቀድሞ የተጣላችው ሚኖሪም መሀል ትገባለች። ሁለቱ ተያይዘው ሲሮጡ ታይጋ ፊቷ እንዴት እንደሚቀየር እዩ። ከአባቷ ይልቅ እነሱ መጡላት። እሺ፣ አሁን ትንሽ እየተሸነፍኩ ነው መሰለኝ። ትንሽ ብቻ።

ቀይ ዳማ፦

ከጀርባ ያለውን ትንሽ ልጨምር፤ ክርክሩን ስለሚመለከት።

አኒሜው የተነሣበት መጽሐፍ የታኬሚያ ዩዩኮ ነው፤ 10 ቅጽ፣ ከ2006 እስከ 2009 የወጣ። አኒሜውን የሠራው ጄ.ሲ. ስታፍ የሚባል ስቱዲዮ ነው፤ ዳይሬክተሩ ናጋይ ታትሱዩኪ፣ ጽሑፉን የመራችው ኦካዳ ማሪ። እነዚሁ ሁለት ሰዎች ከገጸ ባህርይ ሠዓሊው ታናካ ማሳዮሺ ጋር በ2011 አኖሃና የሚባለውን አኒሜ ሠርተው አገር አስለቅሰዋል። ስለዚህ "ቀለል ያለ ኮሜዲ ነው" ተብሎ የተሰጠው ሰው ቆይቶ የሚመታው በአጋጣሚ አይደለም። ጸሐፊዋ ሳቅን የምትጠቀመው በሩን ለማስከፈት ነው።

ሌላው፣ የመጨረሻው ቅጽ የወጣው አኒሜው ባለቀበት በዚያው ማርች 2009 ነው። መጽሐፉና አኒሜው ጎን ለጎን እየሮጡ ነው የጨረሱት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ጥድፊያ የሚታይባቸው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። 10 ቅጽ በ25 ክፍል መጨመቅ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው አጋማሽ እየተዝናና ይሄዳል፤ መዋኛ ገንዳ፣ የአሚ የባሕር ዳር ቤት፣ ዋሻው። ሁለተኛው ላይ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ያለቅሳል።

ማታ ማታ፦

ስፖይለር! ስፖይለር! ክፍል 19። ያላያችሁ እለፉ።

የገና ዋዜማ ነው። ታይጋ ሁሉንም አስተካክላለች። ሪዩጂ ሚኖሪን እንዲያገኝ ገፍታ ልካዋለች። እሱ ከመሄዱ በፊት የድብ ልብስ ለብሶ የገና አባት ሆኖ ቤቷ ይመጣል፤ ብቻዋን እንዳትሆን። ይደንሳሉ፣ ይስቃሉ። "በል ሂድ" ትለዋለች። ይሄዳል። በሩ ይዘጋል። እሷ ትንሽ ቆማ ትስቃለች፤ ከዚያ እንባዋ ይወርዳል፣ ለምን እንደሚወርድ ለራሷም አልገባትም። ሲገባት በባዶ እግሯ ወደ መንገድ ወጥታ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች። ሚኖሪ ይህን ታያለች። በዚያው ሌሊት ሪዩጂን አይሆንም የምትለው ለዚህ ነው።

እኔ የሚገርመኝ ክፍሉ ግማሽ ለግማሽ ቀልድ መሆኑ ነው። ድቡ እኮ ያስቃል!

ፎንቃ ጠላሁ፦

እለፉ ብትልም አነበብኩት። እሺ፣ ጽሑፉ ጥሩ ይመስላል። ግን አሁንም አንድ ነገር መልሱልኝ። "ውስጧ ቆስሏል" ማለት ለዱላ ፈቃድ ነው? በየድራማው ይሄው ነው። የቃና ድራማዎች ላይም ጨካኙ ሰውዬ "ልጅነቱ ከባድ ነበር" ይባልና ይታለፋል።

የአሚ ጠበቃ፦

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደግሞ አኒሜው ራሱ የጠየቀው ይመስለኛል። በኋላ ላይ ታይጋ መምታቷን እየተወች ትሄዳለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ አሚ ለሪዩጂ የምትለው ነገር አለ፤ "የአባትና የእናት ጨዋታ ተጫወታችሁ፤ እሷን እንደ ልጅ ነው የያዝካት" ዓይነት። የሁለቱን ግንኙነት ጉድለት የምትናገረው ከሁሉም ክፉ የምትመስለው ልጅ ናት። ጸሐፊዋ አታውቅም አትበል። አሚን አስቀምጣልሃለች።

ቀይ ዳማ፦

እውነት ነው። ክፍል 8ንም ጨምርበት። ታይጋና አሚ በመዋኛ ገንዳ ይወዳደራሉ፤ ታይጋ መዋኘት አትችልም። በመሀል ሪዩጂ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። እሷ ውድድሩን ትታ ተመልሳ ታወጣዋለች፤ ከዚያ በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት "ሪዩጂ የኔ ነው!" ብላ ትጮኻለች። በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ትሆናለች። ያ ሁሉ ቡጢ የት እንደሚያመራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚያ ነው።

ታኮያኪ፦

ከኦሳካ ወግ ይዤ መጣሁ። ተቃራኒ ከተባለ ላቭሊ ኮምፕሌክስ የሚባለውን አኒሜ እዩ። በ2007 ቶኤይ የሚባለው ስቱዲዮ ያወጣው ነው፣ 24 ክፍል። ናካሃራ አያ የሣለችው ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ነው መነሻው።

ሪሳ 172 ሴንቲሜትር ናት። ኦታኒ 156። ጎን ለጎን ሲቆሙ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ እንደ ሁለት ቀልደኞች በአንድ ጥንድ ስም ነው የሚጠሯቸው። ግን አፋቸውን ሲከፍቱ አንድ ሰው ናቸው! የሚወዱት ዘፋኝ አንድ፣ የሚስቁበት አንድ፣ አመላለሳቸው አንድ። እሷ ስትሰድበው እሱ ሳይዘገይ መልሶ ይሰድባታል፤ ማንም የማንም ውሻ አይደለም። ለፎንቃ ጠላሁ የሚሆነው ይሄ ነው። ደግሞ የኦሳካ አነጋገር ስለሆነ ፍጥነቱ ለብቻው ይታያል፤ ሰብታይትሉን ለማንበብ ማቆም ሊኖርባችሁ ይችላል።

አንድ ጉዳት አለው። ኦታኒ ዘገምተኛ ነው። ልጅቷ "እወድሃለሁ" ትለዋለች፣ እሱ ቀልድ ይመስለዋል። ስክሪኑን መምታት ያምራችኋል።

ሻይ በሎሚ፦

ታኮያኪ፣ አንተ እኮ ክርክሬን አጠናከርክልኝ። ቁመት ሌላ፣ ልብ አንድ።

ዘጠነኛ ሲ፦

በዚህ አካሄድ ካጉያ ሳማ በሚባለው አኒሜ ያሉትንም ጥንዶች "አንድ ናቸው" ልትለን ነው?

ማታ ማታ፦

ናቸው እኮ! ካጉያ የባለጠጋ ልጅ፣ ሺሮጋኔ የደሃ ልጅ፤ ሁለቱ ግን በኩራት አንድ ናቸው። ሁለቱም ይዋደዳሉ፣ ሁለቱም "አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ" ብለው አፋቸውን ዘግተው ይፋጠጣሉ። ለሲኒማ ትኬት እንደ ጦርነት ዕቅድ ያወጣሉ። መሀል ላይ ፉጂዋራ ትመጣና ምንም ሳታውቅ ሁለቱንም ታፈርሳለች። ዘፈኗን ያላየ ሰው በሕይወቱ የጎደለ ነገር አለ። ክፍል 3 መጨረሻ ላይ ነው፤ 2019 ላይ ሰው ሁሉ ሲደንሰው ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦

ልጆች፣ ላቭሊ ያላችሁት ለ12 ዓመት ልጅ ይሆናል? ታናሽየዋም መጠየቅ ጀምራለች።

ታኮያኪ፦

ይሆናል፣ እትዬ። ስድብና ቀልድ ይበዛዋል እንጂ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ክፍል አብረዋት ይዩ፤ እርስዎም ይወዱታል።

ፎንቃ ጠላሁ፦

በሉ ስሙ። ክፍል 8 ድረስ አየሁ። ታይጋ አሁንም ትማታለች፣ እኔም አሁንም አልወደድኩትም። ምሳ ዕቃው ግን ያስቀናል፤ ይሄ ልጅ እንቁላል ጥብስ እንዴት ነው እንደዚያ የሚጠቀልለው? እና የአሚ ጠበቃ፣ ልጅቷን በተመለከተ ልክ ነህ። ማሽኖቹ መሀል የምትገባው ክፍል ስንት ላይ ነው?

የአሚ ጠበቃ፦

ቁጥሩን አልነግርህም። እያየህ ድረስበት።